ጥቁር ምልክትና የውስጥ እግር

ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሰውን ገላ ሸፍኖ የሚይዘው ቆዳ ከአካል ክፍሎች ሁሉ ለዓይን የቀረበ ነው። ልብን ለመመርመር ማዳመጫ፣ ሳንባን ለማየት ራጅ ያስፈልጋል፤ ቆዳን ለመመርመር ግን በመጀመሪያ የሚያስፈልጉት ብርሃንና ጊዜ ናቸው። ይሁን እንጂ ለዓይን የቀረበ ነገር ሁሉ ታይቷል ማለት አይደለም። በቆዳ ላይ የሚወጡ ጥቁር ምልክቶች የተመረመሩበት ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል።

ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኛዎቹ ከሰው ጋር አብረው የተወለዱ ወይም በልጅነትና በጉርምስና ዘመን የወጡ ሲሆኑ፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አንዳች ጉዳት ሳያደርሱበት ይኖራሉ። ከስንት አንዱ ግን ሜላኖማ ወደተባለው ክፉ ነቀርሳ ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜም ሜላኖማ ቀድሞ ምንም ምልክት ካልነበረበት ቆዳ ላይ አዲስ ሆኖ ይነሣል። ነቀርሳው የሚነሣው ለቆዳ መልክ የሚሰጠውን፣ ሜላኒን የተባለውን ቀለም ከሚሠሩት ሕዋሳት ነው። ገና በቆዳው የላይኛው ክፍል ሳለ ተቆርጦ ቢወጣ በሽተኛው ይድናል፤ ወደ ታች ሰርስሮ ወደ ንፍፊትና ወደ ደም ከገባ በኋላ ግን የቀዶ ሕክምና ምላጭ ብቻውን አይደርስበትም።

በነጮች ዘንድ ይህ በሽታ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በሚያገኘው ጀርባና እግር ላይ ነው። በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ግን የሚያዘወትረው ስፍራ የውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ መዳፍና የጥፍር ሥር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ጥቁር ምልክት አደገኛ ነውን?» የሚል ብቻ ሳይሆን፣ «የት የወጣው ምልክት ነው አደገኛ?» የሚልም ነው። የሕክምና ሙያ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምልክትና ትርጓሜው

በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ በገላ ላይ የሚገኝ ጥቁር ምልክት «ማርያም የሳመችው» ይባላል። ስሙ እንደሚያመለክተው ምልክቱ የበረከት እንጂ የሕመም ተደርጎ አይቆጠርም። ይህ እምነት በአብዛኛው ጉዳት አላመጣም፤ ምልክቶቹ በእርግጥም ምንም የማያደርጉ በመሆናቸው የእናቶች ፍርድ ከሐኪሞች ፍርድ ጋር ይስማማል። ከዚህም ሌላ ጥቁር ምልክት ጌጥ ሆኖ ኖሯል። በጎጃምም ሆነ በአጎራባች አገሮች ብዙ ሴቶች አንገታቸውንና አገጫቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ጥላሸት በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ወደ ቆዳ ሲገባ የሚቀረው ሰማያዊ ጥቁረት የውበት ማሟያ ነበር።

የተፈራው ነጩ ምልክት ነው። ለምጽ የወጣበት ሰው ከኅብረተሰቡ የመለየት ዕጣ ይጠብቀው ነበር። በኦሪት ዘሌዋውያን 13ኛው ምዕራፍ ካህኑ በቆዳ ላይ የወጣውን ነጭ ምልክት እንዲያይ፣ ሰውየውን ሰባት ቀን ለይቶ እንዲያቆይ፣ ከዚያም ዳግመኛ አይቶ ምልክቱ የሰፋ ወይም ባለበት የቆመ መሆኑን እንዲለይ ታዝዟል። በብቸና አካባቢ የሚገኘውን ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የትምህርት ገዳማት መጽሐፉ ሲነበብና ሲተረጎም ኖሯል። ምልክትን አይቶ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ ደግሞ አይቶ ለውጡን መመዘን ዛሬም የቆዳ ሕክምና ዋና ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በእጅ ነበረ ማለት ነው፤ የተሠራበት ግን ለነጩ ምልክት እንጂ ለጥቁሩ አልነበረም።

አንድ ጥቁር ነገር ካበጠ፣ ከደማ ወይም መልክ ካበላሸ ግን ባላገሩ ዝም ብሎ አልተመለከተውም። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት፣ በዓባይ በረሃ የሚበቅለው የጦቢያ ወተትም ጭምር፣ ለኪንታሮት ይቀባ ነበር። የጋለ ብረት መተኮስም በብዙ ስፍራ የታወቀ ሕክምና ነው። እነዚህ ዘዴዎች ኪንታሮትን ሊያጠፉ ይችላሉ። በሜላኖማ ላይ ሲሠራባቸው ግን ሁለት ጉዳት ያስከትላሉ። አንደኛው፣ ላይኛው ክፍል ተቃጥሎ ሥሩ ከቆዳው በታች መቅረቱ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የማይታሰበው፣ ማስረጃው አብሮ መቃጠሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠባሳውን የሚያይ ሐኪም ምን እንደነበረ ሊያውቅ አይችልም። ይህ ጥፋት የባህል ሐኪሙ ብቻ አይደለም። በዘመናዊ ክሊኒክ ውስጥ በኤሌክትሪክ ወይም በጨረር ተቃጥሎ፣ ናሙና ሳይወሰድለት የሚቀር ጥቁር ምልክት ሁሉ የዚሁ ታሪክ ቅጥያ ነው።

ምላጭና ማይክሮስኮፕ

በአውሮፓ ሜላኖማን ቆርጠው በማውጣት ከሚታወቁት ሐኪሞች ቀደምት የሆነው ስኮትላንዳዊው ጆን ሀንተር ነው። በ1787 ከአንድ ሰው መንጋጋ አካባቢ ዳግመኛ የበቀለ ዕጢ ቆርጦ አውጥቶ በማቆያ ፈሳሽ ውስጥ አኖረው። የበሽታውን ምንነት ግን አላወቀም፤ ናሙናው ከ180 ዓመት በኋላ በ1968 በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሜላኖማ መሆኑ ተረጋግጧል። ሥጋን መጣል ሳይሆን ማኖር ያለውን ዋጋ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ፈረንሳዊው ሬኔ ላኤኔክ በ1804 ስለዚህ በሽታ አስተምሮ በ1806 ጽሑፉን ሲያሳትም፣ እንግሊዛዊው ዊልያም ኖሪስ በ1820 የአንድ በሽተኛን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፎ በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም እንደሚችል አመለከተ። ሳሙኤል ኩፐር ደግሞ በ1840 ብቸኛው ተስፋ በጊዜ ቆርጦ ማውጣት መሆኑን ገለጠ። በጊዜ ቆርጦ ማውጣት እስከ ዛሬም ዋነኛው ሕክምና ነው።

ስለ እግር ጣት ያስተማረው ጆናታን ሀቺንሰን ነው። በ1886 በጥፍር ሥር የሚወጣውን ሜላኖማ ሲገልጽ፣ በሽታው ሁልጊዜ ጥቁር እንዳልሆነና አንዳንድ ጊዜ ተራ የጣት ቁስል መስሎ እንደሚታይ አስጠነቀቀ። የጥፍሩ ጥቁረት ተሻግሮ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ መዝለቁ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም የሚጠራ ምልክት ነው።

በ1907 ሳምፕሰን ሀንድሊ ባስተማረው መሠረት ቀዶ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት በሜላኖማ ዙሪያ እጅግ ሰፊ ጤናማ ቆዳ ይቆርጡ ነበር። ይህን ልማድ ያስተካከለው መለኪያ ነው። ዋላስ ክላርክ በ1969 ነቀርሳው በየትኛው የቆዳ ድርብ ላይ እንደደረሰ የሚለይ ደረጃ አወጣ፤ አሌክሳንደር ብሬስሎው ደግሞ በ1970 የነቀርሳውን ውፍረት በሚሊሜትር መለካት የበሽተኛውን ዕድል ከሁሉ ይልቅ እንደሚያመለክት አሳየ። ከዚያ በኋላ የአንድ በሽተኛ ዕጣ የሚገመተው በአንድ ሚሊሜትርና በአራት ሚሊሜትር መካከል ባለው ልዩነት ሆነ። በ1988 በዓለም ጤና ድርጅት የሜላኖማ ቡድን ስም የታተመው ጥናት፣ ለቀጭን ሜላኖማ በዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ጤናማ ቆዳ አብሮ መቁረጥ እንደሚበቃ አስረዳ። በ1985 የአሜሪካ ሐኪሞች ሕዝቡ ራሱ እንዲመረምር አራት ምልክቶችን አስተማሩ፤ እነዚህም የቅርጽ አለመመጣጠን፣ የጠርዝ መዘበራረቅ፣ የቀለም መለያየትና ከስድስት ሚሊሜትር መብለጥ ናቸው። በኋላም አምስተኛ ሆኖ የምልክቱ መለዋወጥ ታከለ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በአብዛኛው የተገኘው ከነጭ ቆዳ ነው። የነጭ ሰው ጀርባ ሲመረመር የጥቁር ሰው ውስጥ እግር በጫማና በጭቃ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ካርቱም፣ ካምፓላና ኪንግስተን

የውስጥ እግርን ጉዳይ በጽሑፍ ካነሡት ቀደምት ሐኪሞች መካከል በሱዳን ይሠራ የነበረው የፓቶሎጂ ባለሙያ ሂወር ይገኝበታል። በ1935 ባሳተመው ጥናት የሱዳናውያን ሜላኖማ በእግር ላይ መብዛቱን አስታውቆ፣ ምክንያቱ በባዶ እግር መሄድና በእሾህ መወጋት ሊሆን እንደሚችል ገመተ። በ1967 ደግሞ በኡጋንዳ ይሠራ የነበረው ማርቲን ሉዊስ የኡጋንዳውያንን ውስጥ እግር መርምሮ፣ ቀድሞ ከሚገኙ ጥቁር ነጠብጣቦችና ከሜላኖማ መካከል ያለውን ግንኙነት አጠና። በ1976 አሜሪካዊው ሪቻርድ ሪድ በእጅና በእግር ጫፍ ላይ የሚወጣው ሜላኖማ ራሱን የቻለ ዓይነት መሆኑን ገልጾ ለብቻው ሰየመው። በዚህ ጊዜ ከሀንተር ቀዶ ሕክምና 189 ዓመት አልፎ ነበር።

በዓመቱ፣ በ1977፣ የጃማይካው ሙዚቀኛ ቦብ ማርሊ በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት። ጣቱን የኳስ ጨዋታ ጉዳት ነክቶት ስለነበር ቁስሉ የዚያ ውጤት መስሎ ቆይቷል። ጣቱ እንዲቆረጥ ሐኪሞች ቢመክሩትም አልተቀበለም፤ የተደረገለት ከዚያ ያነሰ ቀዶ ሕክምና ነበር። በ1980 በሽታው ወደ ሌሎች የአካል ክፍሎች መዛመቱ ታወቀ፤ ግንቦት 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ በማያሚ አረፈ። ከማረፉ በፊት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ስለነበር ሥርዓተ ቀብሩ በኪንግስተን በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተፈጽሟል። በ2005 ስድሳኛ ዓመት ልደቱ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በታላቅ ኮንሰርት ሲከበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ስለ ዘፈኖቹ አሰበ፤ ስለ ጣቱ ያሰበ ግን ጥቂት ነው። ዝናም ገንዘብም የነበረው ሰው ከእግር ጣት በተነሣ ጥቁረት የሞተ ከሆነ፣ ሁለቱም የሌለው ገበሬ ያለበት አደጋ ለማንም ግልጥ ነው።

የሂወር ግምት ግን በኋላ ጥያቄ ተነሥቶበታል። በ1990 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የጥቁሮችንና የነጮችን የውስጥ እግር ሜላኖማ ከየሕዝባቸው ቁጥር ጋር አነጻጽሮ፣ ጥቁሮች በዚህ በሽታ ከነጮች አብልጠው እንደማይያዙ አመለከተ። ልዩነቱ፣ ነጮች በዚህ ላይ ፀሐይ የምታመጣባቸው ሌላ ብዙ ሜላኖማ መኖሩ ነው። በሌላ በኩል በ2016 የጃፓን ሐኪሞች በሽታው በውስጥ እግር ላይ የሰውነት ክብደት በሚያርፍባቸው ቦታዎች እንደሚበዛ አሳይተዋል። እንግዲህ ጫማ ከእሾህና ከአፈር ይጠብቃል እንጂ ከሜላኖማ ዋስትና አይሰጥም፤ ጫማ የለበሰም እግር ተገልጦ መታየት አለበት።

የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ያስተማሩት

የውስጥ እግርን ማየት ለኢትዮጵያ የጤና ሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ይህን ትምህርት ያመጣው የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። ጎጃም በሽታው በብዛት ከታየባቸው የኢትዮጵያ ክፍሎች አንዱ ነበር። በአዲስ አበባ ዳርቻ በኋላ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በታወቀው ሆስፒታል አካባቢ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ሕሙማን ተሰብስበው ይኖሩ ነበር። በዚሁ ስፍራ በታኅሣሥ ወር 1965 አለርት የተባለው የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል ተመሠረተ፤ በ1970ም የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም አጠገቡ ተቋቋመ።

ቀደም ሲል ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ አገር ባደረገው ሥራ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እግር የሚቆስለው ሥጋቸው ስለሚበሰብስ ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማቸው መሆኑን አስረድቶ ነበር። ከዚህ የተነሣ ሕክምናው ከመድኃኒት አልፎ ልማድ ማስተማር ሆነ። ሕመምተኛው ማታ ማታ እግሩን አጥቦ፣ ነክሮ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ውስጥ እግሩን በዓይኑ እንዲመረምር ይሠለጥናል፤ ለስላሳ ጎማ ያለው ጫማ ይሠራለታል። በአለርት ይሠሩ የነበሩት ኧርነስት ፕራይስም የባላገሩን እግር መመርመር ቀጥለው፣ በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት ከሌላው የዝሆኔ ዓይነት ለይተው «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ምሥራቅ ጎጃም ይህ በሽታ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

በ1983 በኢትዮጵያ የተጀመረው የጥምር መድኃኒት ሕክምና የሥጋ ደዌን ቁጥር እጅግ ቀነሰው። ነገር ግን ለእግር የተሰጠው ትኩረት አብሮ እንዳይቀንስ ያሰጋል። ምክንያቱም በባላገር በውስጥ እግር ላይ የሚታይ ቁስል ሁሉ የሚጠረጠረው በእሾህ፣ በሥጋ ደዌ ወይም በተራ መመርቀዝ ነው፤ ጥቁር እብጠትም ካፖሲ ሳርኮማ ሊሆን ይችላል። ቀለም የሌለው ሜላኖማ ደግሞ ቀይ ሥጋ መስሎ ስለሚወጣ ባለሙያውን ያታልላል። ቁስሉ በየሳምንቱ እየታጠበና እየታሸገ ወራት ሲያልፉ ነቀርሳው ከሚሊሜትር ወደ ሚሊሜትር ይወርዳል። በአንድ ወር ሕክምና ያልዳነ የውስጥ እግር ቁስል ስሙ እንደገና ሊመረመር ይገባል።

የዓባይ ድልድዮች

ዕውቀቱ በአዲስ አበባ መኖሩ ብቻ አልበቃም፤ በሽተኛውና ዕውቀቱ መገናኘት ነበረባቸው። በመካከላቸው ዓባይ አለ።

ጎጃምን ከቤጌምድር ጋር ያገናኝ የነበረውና ከሞጣ ወደ ሰሜን የሚገኘው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት (ከ1632 እስከ 1667) ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ከዚያ በኋላ መንገደኛው በክፍቱ ቦታ ላይ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። የሰባራው ድልድይ ፎቶግራፍ በ2001 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ፣ ያን ባየ አንድ ሰው ጥረት በ2002 ክፍተቱ በብረት ተገጠመ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 በአቅራቢያው የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በገመድ መሻገር ለጤነኛም የሚያስፈራ ነው፤ እግሩ ለቆሰለ ሰው ደግሞ ወደ ሞጣ ገበያም ሆነ ወደ ሞጣ ሕክምና መሄድን እስከ መጨረሻው ቀን የሚያስተላልፍ ምክንያት ነበር።

በደቡብ በኩል ደግሞ ከሞጣና ከብቸና ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ በደጀን በኩል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደሚዘቀዝቀው የዓባይ ሸለቆ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ያስፈልጋል። በ2008 በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ይህን መሻገሪያ አጠናክሮታል። ዛሬ በሞጣም በብቸናም ሆስፒታል አለ፤ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳርም ከፍተኛ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ስለሆነም የዛሬው ችግር እንደ ጥንቱ በሽተኛውን ማሻገር ብቻ አይደለም። ሰውየው ራሱ ሳይሄድ ናሙናው ሊሻገርለት ይችላል። በማደንዘዣ የተቆረጠች የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቆዳ፣ በፎርማሊን ጠርሙስ ውስጥ ሆና ስም፣ ቀንና የአካሉ ቦታ ተጽፎባት የፓቶሎጂ ምርመራ ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ስትደርስ ለሰውየው ድልድይ ሆነችለት ማለት ነው።

የታሪኩ ትምህርት

ከዚህ ታሪክ ለባለሙያው የሚተርፉት ቁም ነገሮች ጥቂትና ቀላል ናቸው። ለማንኛውም ሕመም የመጣ ሰው ጫማውን አውልቆ ውስጥ እግሩ፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳና ጥፍሮቹ ይታዩ። በጥቁር ሰው ጥፍር ላይ የሚታዩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ብዙ ጊዜ የተፈጥሮ ስለሆኑ ሰው በከንቱ አይደንግጥ፤ መስመሩ አንድ ብቻ ሆኖ እየሰፋ ከሄደ ወይም ጥቁረቱ ወደ ቆዳው ከዘለቀ ግን ወደ ከፍተኛ ሕክምና ይላክ። በውስጥ እግር ላይ ከሰባት ሚሊሜትር በላይ የሆነ፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ ወይም በቅርብ ጊዜ የተለወጠ ጥቁረት ናሙናው ይወሰድ። ጥርጣሬ ያለበት ምልክት አይተኮስ፣ አይቃጠል፣ በላዩ አይፋቅ፤ በተቻለ መጠን ከጠባብ ጤናማ ጠርዝ ጋር ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይመርመር። ሰፊው ቀዶ ሕክምና የሚወሰነው ውፍረቱ ተለክቶ መልስ ሲመጣ ነው። ብሽሽትና ብብትም ንፍፊት እንዳለባቸው ይዳሰሱ።

ለሕዝቡ የሚሰጠውም ትምህርት እምነቱን የሚነቅፍ መሆን አይገባውም። ማርያም የሳመችው ምልክት በፊትና በክንድ ላይ ሳይለወጥ ከኖረ በሰላም ይኑር፤ በልጅነት ያልነበረ፣ በጎልማሳነት በውስጥ እግር የወጣና የሚሰፋ ጥቁረት ግን ለሐኪም ይታይ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያ ስላደረሰ፣ ቀድሞ የሥጋ ደዌ ሠራተኞች ብቻ ያስተምሩት የነበረው የማታ እግር ምርመራ ለየቤተሰቡ ሊደርስ ይችላል።

ጆን ሀንተር ቆርጦ ያኖረው ሥጋ ስሙን ለማግኘት 180 ዓመት ጠብቋል። የብቸና ወይም የሞጣ ገበሬ ይህን ያህል ሊጠብቅ አይችልም፤ እርሱ ያለው ጊዜ የሚለካው በሚሊሜትር ነው። ይህን ጊዜ የሚያተርፍለት ውድ መሣሪያ ሳይሆን፣ ጎንበስ ብሎ ውስጥ እግሩን የሚያይ ባለሙያ ነው።